ስምና ልብስ ያጣው በሶ

በአገራችን ትምህርት ቤት ገብቶ የአማርኛ ሰዋስው የተማረ ሰው ሁሉ «አበበ በሶ በላ» የምትለውን አጭር ዐረፍተ ነገር ሳያውቃት አይቀርም። መምህሩ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋትና «ማን በላ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ «አበበ» ይላል። «ምን በላ?» ሲል ደግሞ «በሶ» ይባላል። ባለቤቱ ታወቀ፤ ተሳቢው ታወቀ፤ ማሰሪያ አንቀጹም ታወቀ፤ ትምህርቱም በዚሁ ያልቃል። እኛም በዚያው ክፍል ተቀምጠን በዚያው ድምፅ ከመለሱት መካከል ነን። ነገር ግን ዓመታት አልፈው፣ ዩኒቨርሲቲውንም ጨርሰን ከወጣን በኋላ ያችን ዐረፍተ ነገር መለስ ብለን ስንመለከታት አንድ ነገር ሳይጠየቅ መቅረቱን ተገነዘብን። በሶውን ማን አዘጋጀው? ገብሱስ ከማን ማሳ መጣ? አበበ ነገም ያንኑ መልካም በሶ ቢፈልግ ከየት ያገኘዋል?

ይህ የሰዋስው ሳይሆን የኑሮ ጥያቄ ነው። በአነስተኛ እርሻ የሚተዳደር ገበሬ ደክሞ ያዘጋጀው መልካም ምግብ ስምና ልብስ አጥቶ በጆንያ ውስጥ እየተቀላቀለ ሲቀር፣ የሚጎዳው ገበሬው ብቻ ሳይሆን በላተኛውም ጭምር መሆኑን በዛሬው ጽሑፋችን ለማሳየት እንሞክራለን። ስለ ማሸጊያ መናገር ስለ ጌጣጌጥ መናገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

በሶ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ገብሱ ይለቀማል፤ ውሃ ነካ ተደርጎ ይታመሳል፤ ይሸከሸካል፤ ገለባው በሰፌድ ይለያል፤ እንደ ገናም በምጣድ ይቆላና ይፈጫል፤ በመጨረሻም በወንፊት ይነፋል። በዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ዱቄት ከዚያ በኋላ እሳት አይፈልግም፤ ወጥም አይፈልግም። ውሃና ጨው ይበቃዋል፤ ማር ላለው ማር፣ ቅቤ ላለው ቅቤ ይጨመርበታል። ስለዚህም ነው ከጥንት ጀምሮ የዘማች፣ የነጋዴና የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረው። ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት የመጣ ልጅም እናቱ ቋጥራ የሰጠችውን በሶ ከአልጋው ሥር አኑሮ፣ የወሩ ገንዘብ ባለቀበት ሰሞን በብርጭቆ እየበጠበጠ ስንቱን ሌሊት አጥንቶበታል!

በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ሳለን ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ይኖር የነበረ አንድ ባልንጀራችን ነበር። ከደብረ ብርሃን አካባቢ እናቱ የሚልኩለት በሶ በነጭ አቡጀዲ ከረጢት ተሰፍቶ ይመጣለታል። እሱ ግን ከረጢቱን ፈትቶ በሶውን የውጭ አገር የወተት ዱቄት በነበረበት ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይገለብጠው ነበር። ቆርቆሮው በጠረጴዛው ላይ በግልጥ ይቀመጣል፤ እናቱ የሰፉት ከረጢት ግን ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ይገባል። እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ ከቆርቆሮው ቀድቶ ይጋብዛል፤ እንግዳውም በሶ መሆኑን እያወቀ በደስታ ይጠጣል። በዚያን ጊዜ እንስቅበት ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን ባልንጀራችን የማሸጊያን ነገር ከሁላችን ቀድሞ የተረዳ ሰው ኖሯል። በሶው ያው የእናቱ በሶ ነው፤ ክብሩን ያገኘው ግን ከማያውቀው አገር ቆርቆሮ ተበድሮ ነው። ያሳዘነንም ይኸው ነው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ገብስን የመሰለ ሀብት ይዘን እንደሌለን ሆነን እንኖራለን። አባቶቻችን «ገብስ የእህል ንጉሥ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. በአገራችን እየተዘዋወረ የእህል ዘር በሰበሰበ ጊዜ ያገኘው የገብስ ዐይነት ብዛት አስደንቆታል። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ገብስን ያጠቃ የነበረውን ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ገበሬዎቻችንም ለቆሎና ለበሶ የሚስማማውን ለይተው ሰምረታ፣ ሰነፍ ቆሎ እያሉ በስሙ ይጠሩታል። እንግዲህ ዘሩ በማሳው ላይ ስም አለው፤ ስሙ የሚጠፋው ተፈጭቶ ወደ ገበያ የወጣ ዕለት ነው።

ይህን በሚገባ ለመረዳት በአንድ የከተማ መደብር ውስጥ ቆሞ መመልከት ይበቃል። የቢራ ጠርሙስ ስም አለው፤ ዓርማ አለው፤ ቆርኪው ሳይቀር ተስሎበታል። ያም ከገብስ የተሠራ ነው። ለብቅል የሚዘራው ገብስ ዘሩ የተለየ መሆኑን አናጣውም፤ ዳሩ ግን ሁለቱም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። አንደኛው ወንድም ሙሉ ልብስ ለብሶ በመደርደሪያው ላይ ሲደረደር፣ ሌላው በስስ ላስቲክ ተቋጥሮ ከሚዛኑ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣል። ገዢው ለየትኛው እጁን እንደሚዘረጋ መገመት አያዳግትም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ስለ አስተናጋጅ ነው፤ ለዕቃም ቢሆን ግን ይሠራል።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ እህሉ ተወቅቶ ወደ ጎተራ በገባበት ሰሞን፣ ከዚሁ ባልንጀራችን ጋር ሆነን እናቱ ወደሚኖሩበት መንደር ሄድን። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ በጥር ሌሊት ውርጩ ምን ያኽል እንደ ሆነ ያየ ያውቀዋል። መንደሩ ከመኪናው መንገድ የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። ማሳቸው ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። እማማ (እኛም እንደዚሁ ነው የምንጠራቸው) ገብሱን በእጃቸው ሲለቅሙ አገኘናቸው። ጠጠሩን ብቻ ሳይሆን የጠቆረውንና የቀጨጨውን ፍሬ ሳይቀር እየለዩ ያወጣሉ።

ቅዳሜ ዕለት አብረናቸው ገበያ ወረድን። ነጋዴው በሶውን በጣቱ ነካ አደረገና መዘነው፤ ከዚያም ከሌሎች ሴቶች በተገዛው በሶ ላይ፣ በአንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጠው። አንደኛዋ ገለባውን በሚገባ ያልለየች፣ ሌላዋ ስንዴ የቀላቀለች ልትሆን ትችላለች፤ ሁሉም በአንድ ዋጋ ተገዝቶ አንድ ላይ ሆነ። ነጋዴውንም ክፉ ሰው ነው አንልም፤ የገበያው ልማድ ይኸው ነው። ሲመለሱ እማማን «ዋጋው ለሁሉም እኩል ከሆነ ለምን ይህን ያኽል ይደክማሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «እናንተ ልጆች፣ የሚበላው የሰው ልጅ አይደለም ወይ?» አሉን። ከዚህ በኋላ የምንለው ጠፋን።

እንዲህ ያለች እናት በየመንደሩ አለች። ድካሟን የሚያውቅላት ግን የለም፤ ምክንያቱም ጆንያው አፍ የለውም። ስም የሌለው ዕቃ ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነም ጥሩውን የምታዘጋጀው ሴት ከዓመት ዓመት በራሷ ኪሣራ ለሌላው ትከፍላለች ማለት ነው። ልጇ ደግሞ «እናቴ ሞኝ ነበረች» ብሎ ያን ልፋት ይተወዋል። በዚህም ዐይነት መልካም ሙያ ሳይታወቅ ይጠፋል። የማሸጊያ ጉዳይ ከጌጣጌጥ በላይ ነው የምንልበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

እኛም የተማርን ነን ብለን ነገሩን በአንድ ሳምንት ልናቃናው ተነሣን። ሦስት ባልንጀሮች ሆነን፣ አንዱ የንግድ ሥራ፣ አንዱ የኬሚስትሪ፣ አንዱ የሥዕል ትምህርት የተማረ፣ በአዲስ አበባ በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ ተቀምጠን ለእማማ በሶ ማሸጊያ ነደፍን። የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ሆነ፤ ወርቃማ ጽሑፍ ተጻፈበት፤ ስሙ በባዕድ ቋንቋ ሆነ፤ «ኦርጋኒክ» የሚልም ቃል ተጨመረ፤ መካከሉ ላይ የሚያምር የእህል ዛላ ሥዕል ተቀመጠበት። ናሙናውን አሳትመን በኩራት ወደ መንደሩ ይዘን ሄድን።

እማማ ከረጢቱን ተቀብለው እያገላበጡ አዩት። ብዙ ጊዜም ዝም አሉ። በመጨረሻም ጣታቸውን በሥዕሉ ላይ አድርገው «ልጆቼ፣ ይኼ እኮ ስንዴ ነው፤ ገብሴ የት ሄደ?» አሉ። እውነትም ሥዕሉን ከኮምፒዩተር ስንወስድ ስንዴና ገብስ መለየታችንን አላስተዋልንም ነበር! «ጽሑፉስ ምን ይላል?» ሲሉም ተረጎምንላቸው። እማማ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ፣ አማርኛ ጥርት አድርገው የሚያነቡ ሴት ናቸው። «እኔ የማላነበውን በእኔ ስም እንዴት ትሸጡታላችሁ?» አሉን። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ፈተና በዩኒቨርሲቲ አልገጠመንም።

ስሕተታችን ይህ ብቻ አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ የጠየቀን የከረጢት ብዛት እማማ በብዙ ዓመት ከሚያዘጋጁት በሶ የሚበልጥ ነበር፤ የአንዱ ከረጢት ዋጋም ትርፋቸውን ጠቅልሎ ይወስደው ነበር። በልብስ ስም ገበሬዋን ራቁቷን ልናስቀር ነበር ማለት ነው። ደግሞም «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል ማንም መርምሮ ሳይመሰክርልን ከራሳችን ያመጣነው ነበር። እንግዲህ ያን ከረጢት አምሮ ከተሠራ ውሸት የሚለየው አንዳች ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነው ማሸጊያ ምን እንደ ሆነ በእውነት መጠየቅ የጀመርነው። እንደሚመስለን ሥራው አራት ነው። የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። የተቆላ ዱቄት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይጓጉላል፤ ይሻግታልም። አየርና ብርሃን ሲበዛበት በውስጡ ያለው ጥቂት ቅባት ይከርራል። በአጠገቡ በርበሬ ወይም ሳሙና ቢቀመጥ ሽታውን ይወስዳል፤ ነቀዝም አይምረውም። ሁለተኛው ማስታወቅ ነው፤ ይኸውም ማን፣ የት፣ መቼ እንዳዘጋጀው። ሦስተኛው መመጠን ነው፤ ግማሽ ኪሎ የተባለው ግማሽ ኪሎ መሆን አለበት። አራተኛው መጋበዝ ነው፤ ዐይን የሚስበው ቀለምና ሥዕል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ የጀመርነው ከአራተኛው ነበር። ቤት ከጣራው ተጀምሮ ሲሠራ አይተን አናውቅም።

ሁለተኛው ከረጢት ከውጭ ተራ ቡናማ ወረቀት፣ ከውስጥ ለምግብ የሚሆን ስስ ፕላስቲክ ሆነ። ሥዕሉን ባልንጀራችን እማሳው ዳር ተቀምጦ ረጅም ጢም ያለውን እውነተኛውን የገብስ ዛላ እያየ በእጁ ሣለው፤ የታተመውም በአንድ ቀለም ብቻ ነው። «የደጋ በሶ» ተብሎ የመንደሩ ስም ከሥሩ ተጻፈ። ከዚያም በማያሻማ አማርኛ፦ ገብስ ብቻ፣ ሌላ ምንም ያልተጨመረበት፤ ግማሽ ኪሎ፤ የተፈጨበት ወር፤ ያዘጋጁት ሰው ስም፤ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚናገር ሦስት መስመር። በከረጢቱ ላይ በሶውን የሚያሳይ መስኮት እንክፈትለት ያልንም ነበርን፤ ኬሚስቱ ባልንጀራችን ብርሃኑ እንደሚጎዳው ስላስረዳን ተውነው። እማማ ፎቶግራፋቸው እንዲወጣ አልፈቀዱም። «መልኬን ማንም አይበላውም፤ ስሜ ግን ይውጣ» አሉ።

ሃምሳ ከረጢት ያኽል አዘጋጅተን አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ባለ ሱቅ ሰጠነው። በመጀመሪያው ወር ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። በሁለተኛው ወር ግን አንድ ሁለት ሰዎች ተመልሰው መጥተው በመንደሩ ስም እየጠሩ እንደ ጠየቁ ባለ ሱቁ ነገረን። ይህን በሰማን ጊዜ የተሰማንን ደስታ መሸሸግ አንችልም፤ «በሶ አለ?» ሳይሆን «ያ በሶ አለ?» ተብሏልና። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ገበሬ ኑሮ ያኽላል።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አፋቸውን በሚገባ ሳናሽጋቸው የቀሩ ጥቂት ከረጢቶች እርጥበት ገብቷቸው ዱቄቱ ጓጎለ። ባለ ሱቁ ስልክ ደወለ። እኛም ነገሩን ቀለል አድርገን «የተሸጠው ተሸጧል፤ የቀረውን እንሰበስባለን» ስንል፣ እማማ ሰሙና ተቆጡ። «ስሜ አለበት አይደለም? የገዛው ሰው ሁሉ መጥቶ ሲጠይቅ ሌላ ስጡት» አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ ከትርፉ የተረፈ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በዚያን ቀን አንድ ትልቅ ነገር ተማርን። ስም የሌለው ጆንያ ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስም ያለበት ከረጢት ግን አዘጋጁን ያስከብራል፤ ያስገድደዋልም። ማሸጊያ ገበሬዋ ለማታየው ሰው የሰጠችው ቃል ነው።

«ይህ ሁሉ ከተሜነት ነው፤ ዕቃን በወረቀት መጠቅለል ዋጋ ከማስወደድ በቀር ምን ይረባል?» የሚል ሰው መኖሩን እናውቃለን። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። በሶን ልዩ ልዩ ልብስ አልብሰን ደኻው የማይደርስበት ብናደርገው፣ የተማሪውን ስንቅ ነጥቀን ለሀብታም ቁርስ ማድረጋችን ነው። ስለዚህ በየገበያው በሚዛን መሸጡ ይቅር አንልም። የምንለው፣ የተለየ ድካም የተደከመበት በሶ ተለይቶ የሚታወቅበት መንገድ ይኑር፤ ልብሱም ከገላው አይወደድ ነው። ቡናማ ወረቀትና አንድ ቀለም የበቃው ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። አጃ በአሜሪካ አገር ለብዙ ዘመን የፈረስ ቀለብ ተብሎ የተናቀ እህል ነበር፤ ለሰው የሚሸጠውም አይጥና አቧራ ከሚደርስበት ክፍት በርሜል እየተዛቀ ነበር። በ1877 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በራቬና ከተማ የነበረ አንድ ወፍጮ ቤት «ኩዌከር» የሚለውን ስም ከአንድ ሰው ሥዕል ጋር በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወፍጮ ቤቱን የገዛው ሄንሪ ክሮዌል አጃውን በተመጠነ የካርቶን ሣጥን አሽጎ፣ እንዴት እንደሚበሰል ጽፎበት መሸጥ ጀመረ። የፈረሱ ቀለብ የልጆች ቁርስ ሆነ። ዳሩ ግን ወፍጮ ቤቱ በሃይማኖታቸውና በታማኝነታቸው የታወቁት የኩዌከሮች ንብረት አልነበረም፤ ስማቸውን ተዋሰ እንጂ። ከዚህ ታሪክ ሣጥኑን እንውሰድ፤ የተዋሰውን ስም ግን እንተወው። እማማ የራሳቸው ስም አላቸውና።

ከዚህ የበለጠ የእኛን የሚመስለው የካናሪ ደሴቶች ታሪክ ነው። ከሞሮኮ ጠረፍ ማዶ ባሉት በእነዚህ የእስፓኝ ደሴቶች «ጎፊዮ» የሚባል ከተቆላ እህል የሚፈጭ ዱቄት አለ። የጥንቶቹ ነዋሪዎች ከገብስ ያዘጋጁት ነበር፤ ኋላ ስንዴና በቆሎ ገባበት። በወተት ወይም በሾርባ ይበጠበጣል፤ ይታሻልም። በሶ ነው ብንል ስሕተት የለብንም። በችግር ዘመን የደኻ መብል ሆኖ የኖረው ይህ ዱቄት ዛሬ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ በክብር ይሸጣል፤ «ጎፊዮ ካናሪዮ» የሚለውም ስም በ2014 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ዘንድ ከቦታው ጋር የተያያዘ ስም ሆኖ ተመዝግቦ ጥበቃ አግኝቷል። እነሱ የአያቶቻቸውን ዱቄት አላፈሩበትም፤ እኛስ?

የስም ዋጋ ለአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ ባቀረበ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር የነበረውም ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ያ ሁሉ ትግል የተደረገው ለቡናው ፍሬ ሳይሆን ለስሙ ነው። ለቡና የተደረገው ለበሶ፣ ለቡላ፣ ለኮረሪማ፣ ለማር በየመጠኑ የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም። ወደ አሜሪካ የሚጓዙ ወገኖቻችን ሻንጣ በምን እንደሚሞላ ማየት ይበቃል። እናቶች በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደርበው የሚያስሩት ሽሮ፣ በርበሬና በሶ አይደለምን? ገዢው አለ ማለት ነው፤ የታጣው ሻጩን የሚያሳውቀው ከረጢት ነው።

አሁን ለሁለት ወገን አንባቢዎቻችን እንናገራለን። በመጀመሪያ ለተማሪዎች። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን ስትሉ እንሰማለን። የሥዕልና የንድፍ ተማሪ የሆንህ፣ የገብስ ዛላ ከስንዴ ዛላ የሚለይበትን እማሳው ሄደህ ሣል። የኬሚስትሪ ተማሪ የሆንሽ፣ በሶ በየትኛው ወረቀት ስንት ወር ሳይጓጉል እንደሚቆይ መርምሪ። የንግድ ሥራ ተማሪ የሆንህ፣ የአንድ ከረጢት ዋጋ ከገበሬዋ ትርፍ ምን ያኽሉን እንደሚወስድ አስላ። ይህን ስታደርጉ ግን እኛ ያደረግነውን አታድርጉ፤ ከኮምፒዩተሩ በፊት ገበሬዋን ጠይቁ። ከረጢቱ ሲታተምም መጀመሪያ ለእሷ ይነበብላት።

ቀጥሎ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብ በአሳሳች ጽሑፍ ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ይህም ተገቢ ነው። በሽታ ይፈውሳል እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት ሲበዛ እናያለንና ሕጉ ይጥበቅ እንላለን። ነገር ግን ሕጉን ለማክበር የፈለገች አንዲት ገበሬ ምን መጻፍ እንዳለባት፣ የትስ ማመልከት እንደሚገባት ለመጠየቅ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት መንከራተት የለባትም። ስለ እማማ በሶ ልንጠይቅ የገባንበት አንድ ጽሕፈት ቤት «ነገ ተመለሱ» ብሎን፣ በማግሥቱም ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ልኮናል፤ ያም መልሶ ወደ መጀመሪያው ላከን። እኛ በከተማ የምንኖር ስለ ሆንን ተመላለስን። ከመንደራቸው ተነሥተው የሚመጡት እማማ ቢሆኑ ግን ሁለት የሥራ ቀንና የመኪና ዋጋ ያጣሉ። በጠረጴዛው በወዲያኛው በኩል የተቀመጠውም እንደ እኛው የትናንት ምሩቅ ነበር። እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ገጽ በቀላል አማርኛ የተጻፈ መመሪያ በየወረዳው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የስንቱን ሰው ድካም እንደሚያስቀር እንዲያስብልን ነው። ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላና ቅን ልብ ነው።

እኛም የጀመርነውን አልተውነውም። ዘንድሮ የከረጢቱን አፍ በሙቀት የሚያሽግ አነስተኛ መሣሪያ ገዝተን ወደ መንደሩ ወስደናል፤ የእማማ ሁለት ጎረቤቶችም ገብሳቸውን አብረው ሊለቅሙ ተስማምተዋል። እማማ ግን አንድ ደንብ አውጥተዋል፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ስም በራሷ ከረጢት ላይ ትጻፍ እንጂ በሶው እንዳይቀላቀል ብለዋል። ያ ባልንጀራችንም የወተቱን ቆርቆሮ ጥሎ፣ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ የእናቱ ስም ያለበትን ቡናማ ከረጢት አቁሞበታል። እንግዳ ሲመጣ ከዚያው ይበጠብጥለታል።

አበበ በሶ ይብላ፤ እንደ ልቡም ይብላ። ከእንግዲህ ወዲያ ግን መምህራችን «ማን በላ? ምን በላ?» ብለው ሲጨርሱ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ማን አዘጋጀው?» ብሎ ይጠይቅልን። መልሱም በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ይገኝ።